ሩጫም ይዘጋል እንዴ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ቤት ውስጥ ልጆቹ ስለሚንጫጩ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው፣ ዝናብም እየጣለ ነው፣ ጣሪያው ላይ ሲንኳኳ ከሰማችሁ እሱ ነው።

በቅርቡ እህቴ ቤት ነበርኩ። ቡና እየቆላች ነው። ልጇ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ነው፣ ረጅም ርቀት ይሮጣል፣ ለእረፍት ቤት መጥቷል። ከፎቅ ወረደና "ቡድናችን ተዘጋ" አላት። ዝም ብላ መቁላቷን ቀጠለች፤ ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና "ሩጫም ይዘጋል እንዴ? ጫማና መንገድ አይደል?" አለችው። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፣ ፊቱን በሹራቡ እጅጌ ሸፈነ። ቡናው አረረ። ማንም አላወረደውም።

በዙም ነው የጠሯቸው። ሰባት ደቂቃ። የሁሉንም ማይክ ዘግተው፣ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ከወረቀት ላይ አነበበላቸው፣ "ዘላቂነት" ምናምን የሚሉ ቃላት ነበሩበት፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠፋ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ልጁ ገና እዚያው ይማራል።

እኔ የሚዘጋው የሚሸነፍ ቡድን ይመስለኝ ነበር። እንደ ክለብ፣ ካሸነፍክ ትቆያለህ፣ ከተሸነፍክ ትወርዳለህ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ፣ በፍጹም እንደዚያ አይደለም።

ስታንፎርድን ውሰዱ፣ የአሜሪካውን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ። በጁላይ 2020 ከነበሩት 36 ስፖርቶች 11ዱን እዘጋለሁ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።) ከ11ዱ አንዱ ትግል ነበር። ሼን ግሪፍት የሚባል ታጋያቸው በማርች 2021 የዩኒቨርሲቲው ስም የሌለበት ጥቁር መወዳደሪያ ለብሶ ገባና የአገሪቱ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። ሊዘጋ የተፈረደበት ቡድን፣ ወርቅ! በሜይ ላይ ስታንፎርድ ሐሳቡን ቀየረና 11ዱንም መለሰ። ግን በወርቁ ብቻ የመለሰ አይመስለኝም። የድሮ ተማሪዎች ገንዘብ ሰብስበዋል፣ ጠበቃ ተቀጥሯል፣ ክስ ተመሥርቷል። እንግዲህ የኔ እህት ጠበቃ አትቀጥርም።

ታዲያ እንዴት ነው የሚወስኑት? አንደኛው ነገር ገንዘብ ነው፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ቆጠራ ነው፣ እኔን ያስገረመኝ ይሄኛው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ከ1972 ጀምሮ ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አለ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት በጾታ ማዳላት አይችልም ይላል። በስፖርት ሕጉን አክብሬአለሁ ለማለት ሦስት መንገድ አለ፣ በጣም ግልጹ መንገድ ግን ይሄ ነው፦ ከተማሪው ግማሹ ሴት ከሆነ፣ ከአትሌቱም ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሴት ይሁን። ጥሩ ነው፣ እኔ ሕጉን እወደዋለሁ። ችግሩ ፉትቦል ነው፣ የአሜሪካኖቹን ማለቴ ነው። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መቶ ገደማ ወንድ ለፉትቦል ይይዛል፣ ያን ያህል ሰው የሚይዝ የሴት ስፖርት የለም። ፉትቦሉን ደግሞ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ሚዛኑን ለማስተካከል የሚነካው ጂምናስቲክ፣ ትግል፣ ቴኒስ፣ የወንዶች ሩጫ ይሆናል። ከዚያ "ሕጉ አስገደደን" ይላሉ። ሕጉ ዝጋ አላለም ባክህ! ፉትቦሉን አትንካ ያለህ ሌላ ነው።

አሁን ቆጠራውን ስሙ። አንዲት ሴት ረጅም ርቀት ብትሮጥ በመከር አገር አቋራጭ ትሮጣለች፣ በብርዱ አዳራሽ ውስጥ ትሮጣለች፣ በጸደይ ደጅ መም ላይ ትሮጣለች። ሰውየዋ አንዲት ናት፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሦስት አትሌት ሆና ትቆጠራለች፣ ምክንያቱም ሦስቱ እንደ ሦስት ስፖርት ነው የሚያዙት። ሴት ሯጭ ለሚዛኑ ሦስት እጥፍ ታግዛለች። ወንድ ሯጭ ደግሞ ሚዛኑን ሦስት ጊዜ ወደ ወንዶቹ ያጋድለዋል። ወንዶቹ ሲዘጉ ሴቶቹ ለምን እንደቀሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ጋም እንደዚያው ነው የሆነው፣ ሴቶቹ አሉ፣ ያው አሰልጣኝ፣ ያው መም፣ እሱ ግን የለም።

የዚህ ቆጠራ አስቂኝ ገጹን የማየው ሚኒሶታ ላይ ነው፣ የኛ ሰው የበዛበት የአሜሪካ ግዛት። ዩኒቨርሲቲው በ2020 የወንዶች ጂምናስቲክን፣ ቴኒስን፣ የአዳራሹንም የደጁንም ሩጫ ሊዘጋ ነበር። ጩኸት ተነሣ። ቦርዱ በኦክቶበር ወር ሰባት ለአምስት በሆነ ድምፅ ወሰነና የደጁን ሩጫ አተረፈ፣ የአዳራሹን ግን ዘጋ። ያው ልጅ፣ በያው እግሩ፣ በብርዱ ወራት የዩኒቨርሲቲው አትሌት አይደለም፣ በረዶው ሲቀልጥ አትሌት ይሆናል።

ብራውን ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት የወንዶች ሩጫን ከሌሎች ጋር ሊዘጋ ብሎ ነበር፣ ጥቁር ተማሪ በብዛት ያለበት ቡድን ይሄው ነው የሚል ተቃውሞ ሲነሣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መለሰው። ጊዜው ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ የተገደለበት ሰሞን ነበር። መሰማት አለመሰማትህን የምትጮኽበት ሰሞንም ይወስነዋል ማለት ነው።

ደግሞ ከጁን 2025 ወዲህ ነገሩ ጠብቋል። ሃውስ የሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት ጸደቀና ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ቻሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ገንዘቡ በብዛት ወደ ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው የሚሄደው። ያመጡትን ገንዘብ መካፈላቸው ተገቢ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ያ 20 ሚሊዮን ከየት ይመጣል? በዚያው ወር ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሩጫ ቡድኑ ውርወራውንና ዝላዩን ዘጋ፣ የአጭር ርቀቱን ቀነሰ፣ ረጅም ርቀቱን ያዘ። ቡድኑ በስም አለ፣ ግን ጦር የሚወረውር የለበትም። ለምን በስም እንዲቆይ ተፈለገ ካላችሁ፣ እንደኔ ግምት ይሄም ቆጠራ ነው፤ በትልቁ የፉትቦል ደረጃ ለመቆየት ቢያንስ 16 ስፖርት ሊኖርህ ይገባል፣ ሩጫ ደግሞ በአንድ ጫማ ሦስት ይሞላልሃል።

አሁን ደግሞ ግልባጩን ስሙ፣ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ መሐል ስፖርት የሚጨምሩም አሉ። ትንንሾቹ የግል ኮሌጆች ናቸው። ሚሺጋን ውስጥ ኤድሪያን የሚባል ኮሌጅ በ2005 ተማሪው ከሺህ በታች ወርዶበት ነበር። አዲስ ፕሬዚዳንት መጣና የበረዶ ሆኪ ሜዳ ሠራ፣ ቡድን ላይ ቡድን ጨመረ፣ ዓሣ ማጥመድ ሳይቀር! ተማሪው በጥቂት ዓመት እጥፍ ሆነ። ኮሌጁ ያለበት ደረጃ፣ ዲቪዥን ሦስት የሚሉት፣ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ስለዚህ 30 ልጅ ለሆኪ ቢመጣ፣ እያንዳንዱም ከቅናሹ በኋላ እንበል 20 ሺህ ቢከፍል፣ 600 ሺህ ዶላር ገባ ማለት ነው፤ አሰልጣኙ፣ አውቶቡሱ፣ ልብሱ ተቀንሶም ይተርፋል። እዚያ አሰልጣኝ ማለት ፊሽካ ያንጠለጠለ ደላላ ነው። በክፋት አይደለም የምለው፣ ብዙ ጥሩ ልጅ በዚያ መንገድ ተምሯል። ግን ትልቁ ጋ ወጪ የሆነው ቡድን ትንሹ ጋ ገቢ ነው፣ የልጁ እግር ግን አልተቀየረም።

ይሄን ሁሉ በማግስቱ ለእህቴ ላስረዳት ሄድኩ። ልጁ ተኝቷል፣ የቡድኑ ጃኬት ደረጃው ላይ ተንጠልጥሏል። ታናሽ እህቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ እሷም ትሮጣለች፣ ከወንድሟም ትፈጥናለች፣ አሰልጣኞች መልእክት መላክ ጀምረዋል። እህቴ "እሷንስ ነገ ይዘጉባት ይሆን?" አለችኝ። የሷ ይሻላል አልኳት፣ እሷ ወረቀት ላይ ሦስት ሰው ናት። ሦስት ጣቴን እያወጣሁ አስረዳኋት፣ መከር፣ ብርድ፣ ጸደይ። በደንብ አዳመጠችኝ። ሲኒውን አቀበለችኝና፦

"ሦስት ከሆነች ታዲያ ስኮላርሺፑን ለምን የአንድ ሰው ይሰጧታል?" አለችኝ።

ቡናዬን ጠጣሁ። በሉ፣ ዝናቡም አባርቷል፣ ሳምንት እንገናኝ።