«ተኚ» ከማለታችን በፊት፦ ካንሰርና የሰውነት እንቅስቃሴ

አቅራቢው፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቻችን? ይህን ውይይት የምንቀዳው ፒያሳ ከሚገኝ ክፍል ስለሆነ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ጣልቃ ቢገባ ይቅርታችሁን እንጠይቃለን። ርእሳችን ካንሰር የሚታከም ሰው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ማድረጉ ምን ይጠቅመዋል የሚል ነው። እህቴ፣ ርእሱን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ ለምን?

አቅራቢዋ፦ በእናቴ ምክንያት ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ኬሞ፣ ማለትም ካንሰርን በመድኃኒት የማጥቃት ሕክምና ስትጀምር፣ እኛ ልጆቿ የምናውቀው የፍቅር መግለጫ እንዳትነሣ መከልከል ብቻ ነበር። ቡና እንኳ እንዳታፈላ ጀበናዋን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለን ደበቅንባት። የሚጠይቃት ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ አትነሺ፣ ተኚ» ይላታል። ከአራተኛው ዙር በኋላ የደጃችንን ሦስት ደረጃዎች ለመውጣት የእኔን ትከሻ መያዝ ጀመረች፤ እኛም ሁሉንም በበሽታው አሳበብን።

አቅራቢው፦ በሽታው አልነበረም ማለትዎ ነው?

አቅራቢዋ፦ በሽታውም መድኃኒቱም ያደክማሉ፤ አልጋው ግን የራሱን ድርሻ ጨምሮበታል። ሰው ብዙ ሲተኛ ጡንቻው ይመነምናል፣ የልብና የሳንባው አቅም ይቀንሳል፤ በዚህ ምክንያት ቀላሉ ሥራ ይከብደዋል፤ ስለሚከብደውም ተመልሶ ይተኛል። በካንሰር ታማሚዎች ላይ የሚታየው ድካም ደግሞ በእንቅልፍ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ በርካታ ጥናቶች እንዳሳዩት ይህን ድካም ከሚቀንሱት ነገሮች አንዱ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢመስልም፣ በልክ የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው።

አቅራቢው፦ ልኩን እኔ ልጨምር። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ከሌሎች አገሮች ባለሙያዎች ጋር መክሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል መካከለኛ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ እንዲሁም 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ መሥራት ድካምን፣ ጭንቀትንና ድባቴን ይቀንሳል። መካከለኛ የሚባለው እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው።

አቅራቢዋ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗን ግን አንርሳ። ከቆላ ለሕክምና መጥቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ክፍል የተከራየና በኬሞ ምክንያት ደም ያነሰው ሰው፣ የቸርችል ጎዳናን ዳገት እንደ እኛ ልውጣ ቢል ትንፋሽ ያጥረዋል። ለእርሱ የመጀመሪያው ሳምንት ልክ በግቢው ውስጥ 5 ደቂቃ መሄድ፣ ማረፍ፣ ደግሞ 5 ደቂቃ መሄድ ሊሆን ይችላል።

አቅራቢው፦ ጡታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሴቶች «በዚያ በኩል ባለው እጅሽ ምንም እንዳትይዥ» ሲባሉ እሰማለሁ።

አቅራቢዋ፦ እናቴም ተብላለች። ፍርሃቱ መነሻ አለው፤ ከብብት ሥር ንፍፊቶች ሲወጡ እጅ ሊያብጥ ይችላል። ይሁን እንጂ እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በሠለጠነ ሰው ክትትል ከቀላል ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት ያነሡት ሴቶች እብጠታቸው እንዳልባሰ፣ እንዲያውም እብጠቱ የሚያገረሽበት ሁኔታ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። እናቴ በፊዚዮቴራፒስት ምክር የጀመረችው ግማሽ ሊትር ውሃ በያዘች ሃይላንድ ነው። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥም ራሱን የቻለ የእግር ሥራ ነው።

አቅራቢው፦ አሁን ጠንከር ያለውን ጥያቄ ላንሣ። እንቅስቃሴ ዕድሜ ያራዝማል?

አቅራቢዋ፦ ለአንጀት ካንሰር ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ በሆነና በአብዛኛው በካናዳና በአውስትራሊያ በተካሄደ ጥናት፣ ቀዶ ሕክምናና ኬሞ የጨረሱ 889 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ስለ ጤና የሚያስተምር ጽሑፍ ብቻ ተሰጠው፤ ሌላው በአሠልጣኝ እየተደገፈ ለ3 ዓመት እንቅስቃሴ ሠራ። ከ8 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በእንቅስቃሴው ወገን 90.3 በመቶ፣ በሌላው 83.2 በመቶ ነበሩ። ውጤቱን ለሁሉም ካንሰር ማዋል ግን አይቻልም፤ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳትም በሚንቀሳቀሱት ላይ በዝቶ ታይቷል። ኬሞውን ትቶ መሮጥ እንደማይገባም ልብ ይሏል።

አቅራቢው፦ እንቅስቃሴውን መተው ወይም ሐኪም መጠየቅ ያለበት ማን ነው?

አቅራቢዋ፦ ትኩሳት ያለው፣ የደረት ሕመም ወይም ማዞር የሚሰማው ሰው ያን ቀን ይተወው። ካንሰሩ ወደ አጥንት የተሰራጨበት ሰው አጥንቱ ሊሰበር ስለሚችል፣ ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በጣም የወረደ ሰውም ሊደማ ስለሚችል፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች የእግርን ጣት ያደነዝዛሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው ጠርዙ የተነሣ ኮብልስቶን ላይ ቢሄድ በቀላሉ ይወድቃል። በዚህ በኩል አሁን የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ይሻላሉ።

አቅራቢው፦ ቤተሰብስ? «ተኚ» የሚለው ጠያቂ ምን ይበል?

አቅራቢዋ፦ «ነጠላሽን ልበሺና እስከ በር ሸኚኝ» ይበላት። እኛ ቤት ጎረቤታችን እማማ ይህን ከጀመሩ ወዲህ እስከ በር የነበረው ሽኝት እስከ ዋናው መንገድ ደረሰ።

አቅራቢው፦ ጀበናውንስ መለሳችሁላት?

አቅራቢዋ፦ ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ አወረደችው። ተቆጣኋት፤ ቡናውን ግን ጠጣሁ።