ከሰል የመሰለው ድንጋይና ውሃው

እንደምን አመሻችሁ እናት አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ በተለይ ደግሞ ፊት ወንበር የተቀመጣችሁት ልጆች። በዚህ ትራፊክ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ አንድ ድንጋይ ነው ግን ከውሃ ልጀምር። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ እና እናቴ ትቀሰቅሰኝና በርሜሉ እስኪሞላ ጎማውን ይዤ ግቢ ውስጥ እቆማለሁ፣ መብራት የሄደ ለት ታዲያ ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው። ቀና ብዬ ማየት የጀመርኩት እዛ ነው።

ድንጋዩ ቴሚስ ይባላል፣ አስትሮይድ ነው፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ድንጋይ። በማርስና በጁፒተር መሃል ባለው የአስትሮይዶች ቀበቶ ወደ ውጪኛው ጠርዝ ላይ ይዞራል፣ ከፀሐይ ያለው ርቀት የኛን 3 እጥፍ ትንሽ ያልፋል። ስፋቱ ወደ 200 ኪሎሜትር ነው፣ በመኪና ከዚህ ተነስታችሁ አዋሽ ልትደርሱ ትንሽ ሲቀራችሁ በሉት። አንድ ዙር 5 ዓመት ተኩል ይፈጅበታል፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ስድስተኛን ሲያጋምስ ማለት ነው።

በፈረንጆቹ 1853 አኒባሌ ዴ ጋስፓሪስ የሚባል ጣሊያናዊ ኔፕልስ ላይ ሆኖ አገኘው፣ በተራው 24ኛው አስትሮይድ ነው። ከዛ ከ150 ዓመት በላይ ያው ነጥብ ሆኖ ኖረ።

ይሄን ከሰል እዩት፣ ከቤት ነው ያመጣሁት። ቴሚስ እንዲህ ነው የጠቆረው፣ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ከ10 እጅ አንዱን እንኳን አይመልስም። ይሄን አይቶ ውሃ አለው የሚል ማን አለ? በ2010 ግን ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ባለው የኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይናችን የማያየውን ብርሃን በሚያይ ቴሌስኮፕ ያገኙትን ብርሃን ተንትነው የሞገድ ርዝመቱ 3.1 ማይክሮሜትር የሆነው ላይ ጎደል ብሎ አገኙት፣ ይሄ የበረዶ ምልክት ነው አሉ፣ ስስ የበረዶ ሽፋን፣ ከኦርጋኒክ፣ ማለትም ካርቦን ካለበት ነገር ጋር።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ክረምት ላይ ፒያሳ በረዶ ሲጥል አንዷን ፍሬ አንስታችሁ ያዛችሁ እንደሆነ በጣቶቻችሁ መሃል ቀልጣ ትፈሳለች። እዛ ግን አየር የለም፣ በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ሆኖ ይሄዳል፣ ስለዚህ ገላጣ ላይ ያለ በረዶ ብዙ ዘመን አይቆይም። ታዲያ ዛሬም ካለ ከየት መጣ? ተመራማሪዎቹ ከስር እየተተካ ነው ይላሉ፣ ውስጡ የተቀበረ አለ። ደሞ ድሮ አንድ ትልቅ ድንጋይ በግጭት ሲሰበር ከወጡት የቴሚስ ቤተሰቦች አንዱ፣ ኤልስት ፒሳሮ የሚሉት፣ በ1996 እንደ ጅራታም ኮከብ ጭራ አውጥቶ ታይቷል።

ብዙ ተመራማሪዎች የምድር ውሃ ቢያንስ ከፊሉ እንዲህ ካሉ ጥቋቁር ድንጋዮች ጋር የመጣ ነው ብለው ያስባሉ። እኔ ሌሊት በርሜል ስሞላ ይሄን አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ልጆች፣ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የአስትሮይዶቹ መንገድ በአናታችን አካባቢ ነው የሚያልፈው፣ ከአውሮፓ ሲያዩት ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። እንጦጦ ላይም ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ሁለት አሉን። ሰማዩ የናንተም ነው።

በሉ ከሰሉን ከፊት ጀምራችሁ እየተቀባበላችሁ ያዙት፣ እጃችሁን ቢያጠቁርም በሩ ጋ በጄሪካን ውሃ አስቀምጬላችኋለሁ።