«እንደ ልጃችን ነሽ» ሲሏት ደሞዟስ?

ሀ፦ እሺ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ዛሬ ወሬያችን ስለ ፊሊፒንስ የቤት ሰራተኞች ነው። አንቺ ኩዌት እያለሽ ጎረቤትሽ ፊሊፒናዊት ነበረች አይደል?

ለ፦ አዎ፣ ጣራችን የተያያዘ ነበር፣ ልብስ ልናሰጣ ስንወጣ ነው የምናወራው። እናቷም ማኒላ ሰው ቤት ነው የሰራችው፣ ገና ልጅ እያለች ከቪሳያስ ደሴቶች «እናስተምርሻለን» ብለው ወስደዋት።

ሀ፦ ውይ፣ እኛም ጋ እኮ ያው ነው! ከገጠር አምጥቶ ማታ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ማለት።

ለ፦ በቃ እሱ ነው። ደሞ እነሱ «ኡታንግ ና ሎኦብ» የሚሉት ነገር አለ፣ የውለታ እዳ በይው፣ ግን ልብ ውስጥ የሚቀመጥ እዳ፣ በክፉ ቀን የደረሰልሽን ሰው እድሜ ልክሽን አትረሺውም። ደስ የሚል ባህል ነው እኮ፣ ግን አሰሪና ሰራተኛ መሀል ሲገባ አስቢው፣ ደሞዝ ጨምሩልኝ ማለት ውለታ ቢስነት ይሆናል። እናቷ ስንት አመት እረፍት ሳትጠይቅ ኖራ «እህቴን ያሳከሙልኝ እነሱ ናቸው፣ በምን አፌ» ትል ነበር አለችኝ።

ሀ፦ እንደ ልጃችን ነው የምናያት ይላሉ፣ ልጅቷ ግን ኩሽና ቁጭ ብላ ነው የምትበላው።

ለ፦ ልክ! እና የቤት ሰራተኛ መጠሪያ ስሙን ራሱ ነው የቀየሩት። ድሮ «ካቱሎንግ» ነበር፣ ረዳት እንደማለት፣ «አሊላ» የሚባልም አለ እሱ እንኳን ከበድ ይላል። አሁን «ካሳምባሃይ» ነው፣ ካሳማ አብሮ ያለ ሰው፣ ባሃይ ቤት። ፕሬዝዳንት ቤኒግኖ አኪኖ በጃንዋሪ 2013 የፈረሙት ህግም ባታስ ካሳምባሃይ ነው የሚባለው፣ ባታስ ህግ ማለት ነው።

ሀ፦ ዋና ዋናው ምን ይላል?

ለ፦ በሚገባት ቋንቋ የተጻፈ ውል፣ በቀን 8 ሰአት በሳምንት ደሞ ሙሉ 24 ሰአት እረፍት፣ 13ኛ ወር ደሞዝ የሚሉት በአመት አንድ ተጨማሪ የወር ደሞዝ፣ ከ15 አመት በታች መቅጠር ክልክል። ማኒላ የወር ደሞዝ መነሻው ያኔ 2,500 ፔሶ ነበር፣ እና ደሞዟ ከ5,000 በታች ከሆነ የማህበራዊ ዋስትናና የጤና መድህን መዋጮዋን ሙሉውን አሰሪው ነው የሚከፍልላት፣ እኔ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ስታረጅ የምትይዘው ነገር አላት ማለት ነው።

ሀ፦ የኛ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156 እኮ የቤት ሰራተኛን ውጪ ነው የተዋት፣ ያናድደኛል። እና እዛ ይተገበራል?

ለ፦ ብዙ ቤት ውል የሚባል የለም፣ የሰው ቤት ገብቶ ማን ያያል፣ ብትከስም ማታ የምታድረው እዛው ነው። ግን ህጉ ስላለ የምትጠቅሰው ነገር አላት። ጎረቤቴ የኩዌቱን ውሏን በፕላስቲክ ጠቅልላ ልብሷ ስር ነው የምታስቀምጠው፣ አንድ ቀን ጣራ ላይ ይዛው ወጥታ በጣቷ አሳየችኝ፣ በወር 400 ዶላር ይላል፣ መንግስታቸው ያኔ ውጪ ለሚሄዱት የቤት ሰራተኞች ያወጣው ዝቅተኛው ነበር፣ ከስሩ ደሞ የእረፍት ቀን።

ሀ፦ ያንቺስ ውል?

ለ፦ የኔ በአረብኛ ነበር፣ ምን እንደፈረምኩም አላውቅም። እሷ አርብ ጠዋት ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ቤተክርስቲያን ስትሄድ ከጣራ ላይ አያታለሁ፣ እኛ ቤት አርብ እንግዳ ስለሚበዛ እኔ ሩዝ እየለቀምኩ ነው።