የቢግ በርድ ቀኝ ክንፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ ስላልጋበዝሁ አንድ ቢጫ ወፍ ሳማ ብትሰሙኝ አትፍረዱብኝ።

“ሰሰሚ ስትሪት” በተባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም ላይ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ቁመት ይዞ የሚንጎራደደውን ቢጫ የአሻንጉሊት ወፍ፣ ቢግ በርድን፣ ዳግመኛ ስታዩት፣ ዓይናችሁን ከፊቱ ላይ አንሡና ቀኝ ክንፉን ተከታተሉ። ግራው ሲወርድ ቀኙ ከፍ ይላል፤ ግራው ሲነሣ ቀኙ ይወርዳል፤ ልክ እንደ ሚዛን። ውስጡ እጅ የለበትም። የአንቀሳቃሹ ቀኝ እጅ ከራሱ በላይ ተዘርግቶ የወፉን ጭንቅላት ተሸክሟል፤ ባዶ የቀረው ክንፍ ደግሞ በዓሣ ማስገሪያ ክር ከግራው ጋር ተያይዟል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከክንፉ በቀር ሌላ ነገር ማየት ተስኖኝ ነበር፤ ወፉ ሲያዝን እኔ ክር እፈልጋለሁ።

ምሥጢሩን ማወቅ ደስታውን ያጠፋል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን የቴሌቪዥን አሻንጉሊቶችን በልጅነቴ ብወዳቸውም፣ ፍቅሩ የበረታብኝ ከታች ተንበርክከው የሚያንቀሳቅሷቸውን ሰዎች ካወቅሁ ወዲህ ነው።

ቢግ በርድን ከ1969 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተጫወተው ካሮል ስፒኒ ነበር። ከላባው ውስጥ ሆኖ ፊት ለፊቱን እንደ ልብ ማየት ስለማይችል ደረቱ ላይ ትንሽ የቴሌቪዥን ስክሪን ያስር ነበር፤ የሚናገረውን ጽሑፍ ከውስጥ ይለጥፋል፤ የወፉን ዓይኖች በትንሿ ጣቱ ያንቀሳቅሳል። ቆሻሻ መጣያ በርሜል ውስጥ የሚኖረው ነጭናጫው ኦስካርም እሱ ራሱ ነበር፤ የዋሁና ተሳዳቢው ከአንድ ጉሮሮ ይወጡ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አቅሙ ሲደክም የወፉን አካል ለተተኪው ለማት ቮግል ትቶ ድምፁን ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በ2018 ጡረታ ወጣ፣ በ2019 ዐረፈ። ያን ሁሉ ዘመን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ፊት ቆሟል፤ ፊቱን ግን ከእነሱ መካከል ስንቱ ያውቀዋል?

ስፒኒ ደረቱ ላይ ወዳሰረው ስክሪን ልመለስ፤ የጥበቡ ቁልፍ እዚያ ነው። የአሻንጉሊት ትርኢት በጥንቱ ልማድ መጋረጃ ያለው ትንሽ መድረክ ይፈልጋል፤ ቴሌቪዥን ሲመጣም ብዙዎች ያንኑ መድረክ እንዳለ ካሜራ ፊት አቆሙት። በኋላ የሰሰሚ ስትሪትን አሻንጉሊቶች የፈጠረው ጂም ሄንሰን በ1955፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከጄን ኔበል ጋር በዋሽንግተን ጣቢያ “ሳም ኤንድ ፍሬንድስ” የሚባል የአምስት ደቂቃ ዝግጅት ሲጀምር መድረኩን ተወውና የስክሪኑን ጠርዝ ራሱን መድረክ አደረገው። አንቀሳቃሹ ከካሜራው እይታ በታች ያጎነብሳል፣ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፣ ዓይኑን ግን ሞኒተሩ ላይ ይተክላል። ተመልካቹ የሚያየውን እያየ ይጫወታል፤ የራሱን ሥራ በተመልካች ዓይን የሚያይ ተዋናይ ከእነዚህ ሌላ ብዙም አላውቅም። በነገራችን ላይ በኋላ አረንጓዴ እንቁራሪት ሆኖ የታወቀው የሄንሰን አሻንጉሊት፣ የዚያ ዘመኑ ከርሚት፣ የተሰፋው ከሄንሰን እናት አሮጌ ካፖርት ነው፤ ዓይኖቹም ለሁለት የተከፈለ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ናቸው።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ አንድ ቀን ካልሲ እጄ ላይ አጠለቅሁ፣ ሁለት ቁልፎች ሰፋሁለት፣ የስልኬን ካሜራ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ከጠረጴዛ ሥር ተንበረከክሁ። እጄን ወደ ቀኝ ስወስድ ካልሲው በስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሞኒተር እንደ መስታወት አይደለምና። አፉን ለመክፈት አራቱን ጣቶቼን ሳነሣ በየቃሉ ጣራውን ያያል። ለካስ አራቱ ጣቶች ጸንተው አውራ ጣት ብቻ መውረድ ኖሮበታል፤ እኛም ስንናገር የሚወርደው የታችኛው መንጋጋችን አይደል? ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ካልሲውም ረግረግ ውስጥ እንደገባ ሰው ቀስ በቀስ ከስክሪኑ ሰመጠ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የዓይኑ ነገር ነው። ቁልፎቹ ተራርቀው ስለተሰፉ የትም አያይም ነበር። ፈትቼ በጥቂት ሚሊሜትር ወደ አፍንጫው ባስጠጋኋቸው ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ፤ በገዛ እጄ የሰፋሁት ካልሲ አየኝና ደነገጥሁ። እስከ 1978 ሕልፈቱ ድረስ የሄንሰንን አሻንጉሊቶች ይሠራ የነበረው ዶን ሳህሊን ለዓይን አቀማመጥ ያን ያህል የሚጨነቀው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ብስኩት እንደ ጉድ የሚፈጀው ኩኪ ሞንስተር ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ፍራንክ ኦዝ ሲጫወተው በቀኝ እጁ ጭንቅላቱን፣ በግራው የአሻንጉሊቱን ግራ እጅ ይይዛል፤ የአሻንጉሊቱ ቀኝ እጅ የሌላ ሰው ነው፣ ያ ሰውም ጎኑ ተጣብቆ ኦዝ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ በስሜት ይከተላል። አድናቂነቴ የሚያደላው ለዚህ ለቀኝ እጅ ባለቤት ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ስሙን ለማንበብ እጠብቃለሁ፤ የምጠቀምበት መተግበሪያ ግን የስም ዝርዝሩን ጥግ ላይ አሳንሶ ወደሚቀጥለው ክፍል ይወስደኛል፤ ይህን በደል ይቅር አልልም።

የሰሰሚ ስትሪት አዘጋጆች በ1969 በመጀመሪያ ያሰቡት አሻንጉሊቶቹን ታሪኩ በሚካሄድበት መንገድ ላይ ካሉት ሰዎች ለይተው ማሳየት ነበር፤ ልጆች እውነቱንና ምናቡን ያምታታሉ የሚል የባለሙያ ምክር ነበረና። የሙከራ ክፍሎቹን ለልጆች ሲያሳዩ ግን ሰዎች ብቻ ያሉበት ትዕይንት ላይ የልጆቹ ትኩረት ይበተን ጀመር። ስለዚህ ቢግ በርድና ኦስካር ለመንገዱ ተፈጠሩ። ከምሁራኑ ይልቅ ልጆቹ ጨዋታውን ያውቁት ነበር ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

ባለ ሱቁን ሚስተር ሁፐርን የሚጫወተው ዊል ሊ በ1982 መጨረሻ ሲሞት፣ አዘጋጆቹ ሞቱን ለልጆች ከመደበቅ ይልቅ በቀጣዩ ዓመት በአንድ ክፍል ነገሩ። ቢግ በርድ ለወዳጆቹ ሁሉ ምስላቸውን ሥሎ ያድላል፣ የሚስተር ሁፐርን ይዞ ይቀራል፣ ሰውየው እንደማይመለስም ይነገረዋል። በዙሪያው የቆሙት ተዋንያን በወፉ ውስጥ ያለው ስፒኒ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የሚያዩት ግን የወፉን ዓይን ነው፣ እንባቸውም የትወና አይመስልም።

ሄንሰን በግንቦት 1990 በ53 ዓመቱ በድንገት ሲያርፍ፣ በኒው ዮርኩ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል በተደረገው መታሰቢያ ላይ ቢግ በርድ ብቻውን ወጥቶ ከርሚት ስለ አረንጓዴነቱ የሚዘምረውን መዝሙር ዘመረ፤ በመጨረሻም ከርሚትን አመሰገነ። ቀረጻውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ለዚህ ክፍል ስዘጋጅ፣ ቀኝ ክንፉ ምን ያደርግ እንደነበር ልነግራችሁ ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እንደገና ከፈትሁት። መዝሙሩ አልቆ ወረቀቱ ባዶውን ነበር፤ ክንፉን ማየት ረስቼዋለሁ።