ዋጋው ዝቅ ያለ ስማርትፎን ሲገዛ ምን ይታያል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የስልክ መስመር ክፍለ ጊዜያችን ከደወሉት አድማጮች አብዛኞቹ የጠየቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነበር፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ስማርትፎን በየትኛው ጎኑ ያስተማምናል፣ በየትኛውስ ያሳፍራል? የአየር ሰዓቱ አጭር ስለነበረ በጥድፊያ የመለስኳቸውንና ጨርሶ ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ ከዚህ በታች በጽሑፍ መልሻለሁ።

ከሐዋሳ የደወሉ መምህር፦ «ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ06 ልገዛ አስቤ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ‹ሳምሰንግ ነው፣ አይቆጭህም› ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ‹በዚሁ ብር ሌላ ብትገዛ ሚሞሪው እጥፍ ነው› ይለኛል። የምጠቀምበት ለቴሌግራም፣ ለቴሌብር፣ መጽሐፍ ለማንበብና አልፎ አልፎ ለዩቲዩብ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ሁለቱም ጓደኞችዎ የተናገሩት ልክ ነው፤ አንዱ የሚመዝነው የስልኩን ዕድሜ ሲሆን ሌላው የሚቆጥረው በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። እኔ ዕድሜውን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ዋጋ የሚገዛ ስልክ በአብዛኛው በየዓመቱ የሚቀየር ሳይሆን እስከ መጨረሻው የሚያዝ ነው። ኤ06 እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ አንድሮይድ 14 የተጫነበት ነበር፤ አምራቹም ሁለት ጊዜ አዲስ አንድሮይድ፣ ለአራት ዓመት ደግሞ የደኅንነት አፕዴት እንደሚሰጠው አስታውቋል። ገንዘብ ለሚያንቀሳቅሱበት ስልክ ይህ ከካሜራው ቁጥር የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ በዚህ የዋጋ ደረጃ ካሉት ተፎካካሪዎቹ ብዙዎቹ ይህን ያህል ቃል አይገቡም። ሆኖም አራቱ ዓመት የሚታሰበው ስልኩ ለገበያ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም፤ ሳጥኑ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ የቆየበት ጊዜም ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ለተለመደ አጠቃቀም ከጠዋት እስከ ማታ በደንብ ያደርሳል። 25 ዋት ቻርጅ መቀበሉም መብራት ሄድ መለስ ለሚልበት ሰፈር ትልቅ ነገር ነው፤ በ10 ዋት ብቻ የሚሞሉት ርካሽ ስልኮች ከባዶ እስከ ሙሉ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። ነገር ግን በብዙ ገበያዎች ቻርጀሩ ከሳጥኑ ውስጥ አይወጣም፤ ገመዱን ብቻ ያገኛሉ። ስለዚህ የኦርጂናል ፋስት ቻርጀር ዋጋ ከስልኩ ዋጋ ጋር ደምረው ያስቡ፤ አለበለዚያ በአሮጌው ቻርጀር እየሞሉ የስልኩን አንዱን ጥንካሬ ሳያዩት ይቀራሉ።

አሁን ወደ ድክመቱ እንሂድ። ስክሪኑ 6.7 ኢንች ሆኖ ጥራቱ 720 በ1600 ፒክስል ነው፤ ሰፊ ሜዳ ላይ ጥቂት ነጥብ ተበትኗል ማለት ነው። ቪዲዮ ሲያዩ ብዙም አይታወቅም፤ መጽሐፍ አነባለሁ ስላሉኝ ግን ይህን ሱቅ ውስጥ እንዲፈትኑ እመክራለሁ። በስካነር የተነሣ የአማርኛ ፒዲኤፍ ከፍተው ሙሉ ገጹን በአንድ ጊዜ ሲያሳዩት፣ «ጨ»ን ከ«ጬ»፣ «ቸ»ን ከ«ቼ» ለመለየት ገጹን ማጉላት ያስፈልግዎታል፤ ሲያጎሉት ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣና ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ ማንበብ ይመጣል። ፕሮሰሰሩ ሄሊዮ ጂ85 የተባለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፤ ለቴሌግራምና ለዩቲዩብ ይበቃል፣ ለከባድ ጌም አይመከርም። ራሙ (የተከፈቱ አፖችን ለጊዜው የሚይዘው ፈጣን ሚሞሪ) 4 ጊጋ የሆነውን ከወሰዱ፣ በቴሌብር ክፍያ ጀምረው የሒሳብ ቁጥሩን ከቴሌግራም ለመቅዳት ወጥተው ሲመለሱ አፑ እንደ አዲስ ተከፍቶ የሚስጥር ቁጥርዎን ዳግመኛ ሊጠይቅዎት ይችላል። ይህ የአፑ ብልሽት አይደለም፤ ስልኩ ቦታ ጠቦት የቀድሞውን ዘግቶት ነው።

ስለ ካሜራው ብዙ አልልም። ዋናው 50 ሜጋ ፒክስል በቀን ብርሃን ጥሩ ያነሣል፤ በተለመደው አሠራሩ አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረገ 12 ሜጋ ፒክስል ተኩል ያህል ፎቶ ነው የሚሰጥዎት። አጠገቡ ያለው ባለ 2 ሜጋ ፒክስሉ ካሜራ ከጌጥ እምብዛም አያልፍም።

ውሳኔዬን ከጠየቁኝ፣ ኤ06ን ባለ 64 ጊጋውን ሳይሆን ባለ 128 ጊጋውን፣ ከተገኘም ባለ 6 ጊጋ ራሙን ይውሰዱ። ከ64ቱ ሲስተሙና አብረው የመጡት አፖች ከሩብ የማያንሰውን ይይዙታል፤ የመምህራንና የተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ቀሪውን በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል። ገንዘብ መጨመር ከቻሉና ንባቡ ዋና ጉዳይዎ ከሆነ ግን ታላቅ ወንድሙ ጋላክሲ ኤ16 ይሻልዎታል፤ በተመሳሳይ ስፋት 1080 በ2340 ፒክስል አሞሌድ ስክሪን አለው፣ የስድስት ዓመት አፕዴትም ተገብቶለታል። በእኔ ግምት በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በስልኩ ዕድሜ ይካካሳል።

ከደሴ የደወለ ወጣት አድማጭ፦ «ሳጥኑ ላይ 8 ጊጋ ራም ተብሎ የተጻፈበት ስልክ ገዛሁ፤ ግን ሀንግ ያደርጋል። ጓደኛዬ ‹ራሙ 4 ነው፣ ተሸውደሃል› አለኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ ሳጥኑን እንደገና አውጥተው ይመልከቱት። 8 ጊጋ የሚለው በትልልቅ አኃዝ ተጽፎ አጠገቡ ትንሽ ኮከብ ምልክት አለ፤ ኮከቧን ተከትለው ወደ ታች ወይም ወደ ሳጥኑ ጀርባ ቢሄዱ በደቃቅ ጽሑፍ «4+4» የሚል ያገኛሉ። በሕግ ዓይን ውሸት አይደለም፤ ሐቀኛ ማስታወቂያ ነው ለማለትም አልደፍርም። የመጀመሪያው 4 እውነተኛው ራም ነው። ሁለተኛው 4 ስልኩ ፎቶና ቪዲዮ ከሚያስቀምጥበት ሚሞሪ ላይ የተበደረው ቦታ ነው፤ በርካሽ ስልኮች ላይ ያ ሚሞሪ ብዙውን ጊዜ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ፍጥነቱ ከእውነተኛ ራም ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጋጋሪዋ ሊጡን በአጠገቧ በማስቀመጥ ፈንታ ጓዳ አኑራ ለእያንዳንዱ እንጀራ ተነሥታ የምትመላለስ ያህል ነው። የተበደረው ራም አፖቹ ቶሎ እንዳይዘጉ ትንሽ ይረዳል፤ ስልኩን ግን አያፈጥነውም።

ሀንግ የሚያደርግበት ዋና ምክንያት ከራሙ ይልቅ ሚሞሪው ጢም ብሎ መሙላቱ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሚሞሪ ባዶ ቦታ ባጣ ቁጥር መጻፍ ይከብደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቴሌግራም ውስጥ በሴቲንግ በኩል «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ወደሚለው ገብተው «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ምን ያህል ጊጋ እንደያዘ ሲያዩ ሳይደነግጡ አይቀሩም። ካሹን፣ ማለትም ስልክዎ ላይ የተቀመጠውን ጊዜያዊ ቅጂ፣ ቢያጠፉት የቻትዎ ፋይል ከቴሌግራም ሰርቨር ላይ አይጠፋም፤ ሲፈልጉት እንደገና ያወርዱታል። እዚያው ላይ ፋይሎቹ ከሳምንት በኋላ በራሳቸው ከስልኩ እንዲጠፉ ማድረግም ይቻላል። ከጠቅላላው ሚሞሪ አንድ አምስተኛውን ሁልጊዜ ባዶ ያቆዩ። ይህን ካደረጉ በኋላም ስልኩ ካልተሻሻለ የተበደረውን ራም ከሴቲንግ አጥፍተው ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት፤ ሚሞሪያቸው ጠባብ በሆነ ስልኮች ላይ ማጥፋቱ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ከሪያድ የደወሉ እኅታችን፦ «ለእናቴ ከዚህ ስልክ ልልክላት ነው። ገጠር ነው ያለችው፤ የምንገናኘው በኢሞ ነው። ውድ ስልክ መግዛት አልችልም። ምን ዓይነት ልግዛላት?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ለእናትዎ 5ጂ አያስፈልጋቸውም፤ ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን እ.ኤ.አ. በ2022 በአዲስ አበባ ሲጀምር የታሰበው ለከተማ ነው፤ ለዚያ ተብሎ የሚጨመረው ገንዘብ ገጠር ላይ ጥቅም አይሰጥም። ለኢሞ የሚያስፈልገው 4ጂና 3ጂ በደንብ የሚይዝ፣ ድምፁ ጎላ የሚል፣ ባትሪው የሚያቆይ ስልክ ነው፤ ይህን ደግሞ ርካሾቹም ያሟላሉ። እኔ ከዝርዝሩ ሁሉ የማስቀድመው ግን ስክሪኑ ቢሰበር በአቅራቢያቸው ባለው ከተማ መለወጫ ይገኝለታል ወይ የሚለውን ነው። በአገር ቤት እጅግ የተሰራጩት የቴክኖ፣ የአይቴልና የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ስልኮች ስለሆኑ ጠጋኞች የሚያውቁት እነዚህን ነው፤ በአገር ቤት የማይታወቅ ሞዴል በርካሽ አገኘሁ ብለው ቢልኩ መስታወቱ በተሰነጠቀ ቀን ስልኩ አበቃለት ማለት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ሱቁ ውስጥ ቆመው ያረጋግጡ። የሳምሰንግ ሳጥን ላይ ስልኩ በየትኛው አካባቢ ሲም ካርድ መጀመሪያ መከፈት እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ዓይነቱ ስልክ በተገዛበት አካባቢ ሲም በድምሩ አምስት ደቂቃ ካልተደወለበት ሌላ ሲም ላይቀበል ስለሚችል፣ የእርስዎን ሲም አስገብተው ደውለውበት ይላኩት። በቴሌኮም ኩባንያ በኩል በክፍያ ተከፋፍሎ የሚሸጥ ስልክ ከሆነም ለሌላ ኩባንያ ሲም ያልተቆለፈ መሆኑን ይጠይቁ። ሌላው ቻርጀሩ ነው፤ የሳዑዲው ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሲሆን የአገር ቤቱ ሁለት ክብ ጥርስ ነው፤ ማቀያየሪያውን አብረው ካልላኩ እናትዎ ባለ ቻርጀር ሆነው ጎረቤት ቻርጅ ያደርጋሉ።

ከተቻለዎት እዚያው ሳሉ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ይቀይሩት፣ ፊደሉን ያተልቁት፣ ኢሞን ከፊት ለፊት ገጽ ላይ ብቻውን ያስቀምጡት። በጉግል ኪቦርድ በአማርኛ በድምፅ መጻፍ ስለሚቻል፣ መጻፍ የማይቀልላቸው ከሆነ የማይክሮፎኑን ምልክት የሚያሳያቸው አንድ ልጅ በአቅራቢያቸው ቢኖር ይጠቅማል።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ «የገዛሁት ርካሽ ስልክ ምንም ሳልከፍት ዳታዬን ይበላል፣ ካርድም ይቆርጥብኛል። ስልኩ ነው ወይስ መስመሩ?»

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ስለሚችል በቅደም ተከተል እንሂድ። በቅድሚያ ሳያውቁት የተመዘገቡበት የአጭር መልእክት አገልግሎት እንዳለ ከኦፕሬተርዎ ያጣሩ፤ ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ካልሆነ በሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም ዝርዝሩን ከፍተው የትኛው አፕ ከበስተጀርባ እየበላ እንደሆነ ይዩ።

አንዳንድ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሴኪዩር-ዲ የተባለ የሞባይል ደኅንነት አገልግሎት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገሮች በሚሠሩ ቴክኖ ደብልዩ2 ስልኮች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ለክፍያ አገልግሎቶች የሚያስመዘግቡ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች እንዳገኘ አስታውቆ ነበር። የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን በበኩሉ ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ሻጭ የመጣ መሆኑንና ማስተካከያ መልቀቁን ገልጿል። ይህን የማነሣው አንድን የምርት ስም ለማስጠላት ሳይሆን፣ እንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ቢመልሱትም የማይጠፋ መሆኑን እንዲያውቁ ነው። መፍትሔው የአምራቹን አፕዴት መጫን ነው፤ አፕዴት የማይመጣለት ስልክ ከሆነ ቴሌብርና የባንክ አፕ ባይጭኑበት ይሻላል።

ከጎንደር የደወሉ አድማጭ፦ «በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ጋላክሲ ኤስ9 ይገኛል። ከአዲስ ርካሽ ስልክ አይሻልም?»

መልስ፦ በካሜራና በስክሪን ይሻላል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ኤስ9 እ.ኤ.አ. የ2018 ስልክ ነው፤ አፕዴቱ በ2022 ቆሟል፣ ባትሪውም ካልተቀየረ ደክሟል። ከተቀየረ ደግሞ ጀርባው ተከፍቶ ስለነበር ውኃ አይገባውም የሚለውን ይርሱት። የግድ እገዛለሁ ካሉ የጥሪ ሰሌዳው ላይ *#0*# ይጻፉ፤ በሚመጣው የመፈተሻ ገጽ ላይ ስክሪኑን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያደረጉ ከቀድሞ ምስል የቀረ የጥላ ምልክት እንዳለው፣ «ታች» (Touch) በሚለው ደግሞ ጣት ሲነካው የማይሠራ ቦታ እንዳለው ይዩ። ሻጩ ይህን ለማድረግ ካንገራገረ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። *#06# ሲጽፉ የሚመጣው ባለ 15 አኃዝ የስልኩ መለያ ቁጥርም በሳጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ስማቸውን ያልገለጹ አዛውንት አድማጭ፦ «እኔ ስልክ የምፈልገው ሬዲዮ ለመስማት ነው። ውድ ነው የተባለውን ልጄ አመጣልኝ፤ ሬዲዮ የለውም።»

መልስ፦ አባቴ፣ በዚህስ ርካሹ ውዱን ይበልጠዋል። ውዶቹ ስልኮች የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውንም ኤፍኤም ሬዲዮውንም ጥለዋቸዋል፤ ከርካሾቹ መካከል ግን ሁለቱንም የያዙ ብዙ አሉ። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የገመድ ማዳመጫ መሰካት አለበት፤ ገመዱ አንቴና ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ድምፁን በስፒከር ማውጣት ቢፈልጉም ገመዱን ሳይነቅሉ ከሬዲዮው አፕ ላይ የስፒከሩን ምልክት ይንኩ። ሲገዙ ልጅዎ ማዳመጫ ይዞ ይሂድና ሱቁ ውስጥ ጣቢያ አስይዞ ያሰማዎት፤ አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ በአንዱ አገር ሬዲዮ ያለው፣ በሌላው የሌለው ሊሆን ይችላል።