ልጆቻችን ፊደልን በታሪክ ውስጥ እንዲያገኙት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አያቶች እና መምህራን፣

በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ እና በአካባቢው የምንኖር ቤተሰቦች ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምናስተምርበትን አዲስ የትምህርት ዓመት ስንጀምር፣ በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር በማንሣት ልጀምር። ልጁ የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» ተነሥቶ በዜማ ሳይሰናከል ይወጣዋል። ጣቴን «ሺ» ላይ ሳሳርፍ ግን ዝም ይላል፤ ወይም ወደ «ሸ» ተመልሶ፣ «ሹ»ን አልፎ፣ ቆጥሮ ይደርስበታል። 33ቱን ፊደላት ከነ7 ቤታቸው፣ ማለትም 231 ቅርጾችን፣ አስቆጥረነው ሳለ የያዘው ተራቸውን ብቻ ነው። እኔም ለዓመታት ያስተማርሁት እንዲሁ ስለነበር ነገሩ ያሳስበኛል።

ፊደል ከተራው ወጥቶ የሚታወቀው ልጁ መጨረሻውን ለማወቅ በሚጓጓለት ታሪክ ውስጥ ሲያገኘው ነው። ቀድሞ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ከአዲስ አበባ በሻንጣ እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር። ዛሬ የሕንዱ መጽሐፍ አሳታሚ ፕራታም ቡክስ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተው ስቶሪዊቨር፣ እንዲሁም በደቡብ አፍሪካ የተመሠረተው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባሉት ድረ ገጾች፣ በሥዕል የተዋቡ አጫጭር ታሪኮችን በአማርኛ ጭምር ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። ያለ ክፍያ ከመቅረባቸው ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ፈቃዳቸው ነው፤ የደራሲውን እና የሠዓሊውን ስም እስከጠቀስን ድረስ ታሪኩን ማውረድ፣ ማተም፣ መተርጎም፣ ቃሉንም ማስተካከል እንችላለን።

ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ታሪክ ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል ስለተመለሰ ለጆሮ ይጎረብጣል። ባለፈው ዓመት «እሷ በጣም ደስተኛ ነበረች» የሚል ዐረፍተ ነገር ስናነብ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት «እንዲህማ አይባልም፤ በደስታ ፈነደቀች በሉት እንጂ» አሉን። ልጆቹ «ፈነደቀች» የሚለውን ቃል ወደዱት፤ እየዘለሉ አሳዩት፤ ከዚያም እርሳስ አንሥተው በታተመው ገጽ ላይ አረሙት። በዚያች ደቂቃ የተማሩትን ሰዋስው በገበታ ፊት ቆሜ በአንድ ወር አላስተምራቸውም ነበር።

የሚታይ እና የሚደመጥም አለ። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ እና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት፣ ፀሐይ የምትባል የቀጭኔ አሻንጉሊት የምትመራው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ትዕይንት በዩቲዩብ ይገኛል። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» እያሉ ያወጓቸው ተረቶችም በዚያው አሉ። አደራ የምላችሁ ግን ስልኩን ለልጁ ሰጥታችሁ ወደ ወጥ ቤት እንዳትሄዱ ነው፤ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ተረቱ ሊያልቅ ሲል ምስሉን አቁሙና «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት። አያት «እንቆቅልህ» ሲሉ ልጅ «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስበት፣ መልሱ ሲጠፋውም አገር የሚሰጥበት ጨዋታ የሚጥመው፣ ልጁ ዝም ብሎ የሚያደምጥ ሳይሆን ተናጋሪም ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ቅዳሜ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከልጁ ጋር አንድ ታሪክ መርጦ፣ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ የጎረበጠውን ዐረፍተ ነገር አስምሮበት እንዲመጣ እለምናለሁ። ማተሚያ የሌላችሁ ታሪኩን በስልካችሁ አውርዳችሁ አምጡልን፤ እዚሁ አትመን፣ ወረቀቱን አጥፈን እና ሰፍተን፣ የልጁን ስም በአራሚነት ጽፈንበት ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

አመሰግናለሁ።