ስፖርት መኪናችሁ የሚደበድባችሁ «ስፖርት ስለሆነ» አይደለም

አቦ እንዴት ናችሁ! ከድሬ ነን። ዛሬ ወሬያችን የመኪናውን ዝላይ የሚገራው አሞርዛተር ነው። ሾክ በሉት፣ እንደፈለጋችሁ ጥሩት።

ከኋላዬ የቆመችው ቶዮታ ሴሊካ የጓደኛዬ ናት። በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2006 ከተመረተው ሞዴል ናት። ውብ ናት፤ ግን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ስትቆም ነው ውብ። ኮብልስቶን ላይ ስትገባ ጥርስ ታራግፋለች። ባለቤቱ ምን ይላል? «ስፖርት መኪና ነዋ፣ ደረቅ ነው።» አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ አይደለም! ስፖርት መኪና ጠንከር ይላል እንጂ ሰው አይደበድብም። የሚደበድበው ያለቀው ሾክ ነው።

እንዴት? ኑ ሻሂ ቤት እንሂድ። አስተናጋጁ ትሪ ሙሉ ሻሂ ይዞ በወንበሮቹ መሀል ሲሹለከለክ አይታችሁታል? ድንጋይ ይረግጣል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ ትሪው ግን ንቅንቅ አይልም። ለምን? ክንዱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ቀስ ብሎ! እሷን ያዙልኝ። ዝቅ ማለትማ ማንም ይችላል። ሙያው ተመልሶ እንዳይዘል መያዙ ላይ ነው። አሁን ማታ ላይ አስቡት። ሲዞር ውሏል፣ ክንዱ ዝሏል። ትሪው ከፍ ዝቅ ይልበታል፣ ሻሂው ይፈሳል። ምን ያደርጋል? ትሪውን ደረቱ ላይ ይለጥፈዋል። በቃ! ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ እርምጃ ቀጥታ ብርጭቆው ውስጥ ትገባለች። ሻሂው ሸሚዙ ላይ። ስፖንሰር መሆን የምትፈልጉ ሻሂ ቤቶች በራችን ክፍት ነው፤ ሌሎቻችሁ ሰብስክራይብ።

ሞላው ሸክሙን ይይዛል፣ ሾኩ የሞላውን ዝላይ ይገራል። ውስጡ ዘይትና ፒስተን አለ። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎችና በቫልቭ ሲያልፍ የዝላዩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ናይትሮጅን የሚሞላው ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ነው። ይኼን ታውቁታላችሁ፣ እንለፈው።

አሁን ወደ ኮሜንቶቹ። «አዲስ ሾክ መኪና ያደርቃል፣ ያረጀው ይሻላል፣ ለስላሳ ነው» የሚል መዓት ተጽፏል። ከሐረር አንዱ እንደውም «ጎማውን አስተንፍሰውና ተገላገል» ብሎኛል። አቦ ረጋ በሉ! ያለቀ ሾክ ለስላሳ የሚመስለው ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ሞላውን የሚይዝለት የለም። መኪናው እስከ ታች ይወርድና ከላስቲክ ማቆሚያው ጋር ይላተማል። ጓ! ያ ድምፅ ሾኩ ስለደረቀ አይደለም፤ ሾኩ ሥራ ስላቆመ ነው። ትሪው ደረት ላይ ተለጠፈ ማለት ነው። ስፖርት መኪና ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ ማቆሚያው ጋ ለመድረስ አጭር መንገድ ነው ያለው። ለዚህ ነው የሚብስበት።

ይኼ ብቻ አይደለም፤ ጎማው ራሱ መሬት እየለቀቀ ይዘላል። እስቲ በደንገጎ ተራራ ጥምዝምዝ መንገድ ውረዱና ኩርባው መሀል ላይ የተጣፈ አስፋልት ይግጠማችሁ። ኋላው ወደ ጎን ፈንጠር ይላል። እዚያ ደግሞ ከጎናችሁ ያለው ገደል ነው። ጎማ ማስተንፈሱስ? የስፖርት መኪና ጎማ ጎኑ አጭር ነው፤ ካስተነፈሳችሁት ጉድጓዱ ቸርኬውን ያጣምመዋል። በሩ ምሰሶ ላይ የተጻፈውን የአየር ልክ ሙሉ፤ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ። በድሬ ቀትር ከለካችሁት ቁጥሩ ያታልላችኋል።

እሺ ሥራው፤ የፊቱን ሾክ እንያዝ። ክሪክ ብቻውን አትመኑ፣ መደገፊያ አድርጉ። ጎማው ይወጣል፣ የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሽቦ ከሾኩ ይላቀቃል። ከዚያ ታች ሁለት ቡሎን፣ ላይ ኮፈን ሥር ያሉት ዳዶዎች፤ ወጣ። ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር የመሀሏን ዳዶ እንዳትነኩ! ሰው ይገድላል፣ ቀልዴን አይደለም። መጭመቂያ ከሌላችሁ ጋራዥ ውሰዱት። የላይኛውን ጎሚኒ (ላስቲኩን)፣ ማቆሚያውንና የአቧራ መከላከያውን አብራችሁ ቀይሩ። ሾክ ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ ግራ ቀይሮ ቀኙን መተው የለም። በመጨረሻ አላይመንት፣ የጎማውን አቅጣጫ ማስተካከል ማለት ነው። አለቀ።

ምን እንግዛ? ለምቾት ከሆነ ፋብሪካው የገጠመውን ዓይነት። ኮይልኦቨር፣ ማለትም ከፍታው የሚስተካከል ሾክና ሞላ፣ የምትሉ ልጆች፣ በዚህ ኮብልስቶን መኪና ዝቅ አድርጎ የሚነዳ ሰው የወገብ ሐኪም ዘመድ ሊኖረው ይገባል። ዘይት ተሞልቶ «ታድሷል» የሚባለውን አሮጌ ሾክ ደግሞ እኔ አልገዛም። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ዘንጉና ቫልቩ ግን ያው የተበላው ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉት። የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ጻፉ እንጂ! «መኪናዬ ይጮኻል፣ ምን ይሻላል?» ብሎ ዝም የሚል አለ። አቦ፣ እኔ ጠንቋይ ነኝ እንዴ?